ከጸሎቱ የጎደለው ስም

አባቴ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር፤ ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን ግን አላጠለቀም። እትዬ አይዳ ከኋላዬ፣ ከአልጋው ራስጌ ነበሩ። አጎታቸው አቶ አሞጽ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ግራ ትከሻቸውን መቃኑ ላይ አስደግፈዋል። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እግሬ መሬት አይደርስም። ከእኔ በቀር የተቀመጠ አልነበረም። ገና እየነጋ ነው፤ መብራት ያበራ ሰው የለም።

ማን የት እንደ ቆመ የማውቀው ስለማልረሳ ብቻ አይደለም። አቶ አሞጽ ኋላ በጨርቅ ላይ ሥለውታል። ሦስት የቆሙ መስመሮች ናቸው፣ አንዲት አጭር ደግሞ ተቀምጣለች።

የተሰበሰቡት እናቴ መሞቷን ሊነግሩኝ ነበር። እኔ ግን ቀድሜ ዐውቄ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ጢስ ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን ላስ ቬጋስ አጠገብ ፓራዳይዝ ውስጥ አፓርትመንት ተከራየችና "እማማ፣ ቤቴን መጥተሽ ጸልዪበት" ብላ ከምኖርበት ከሄንደርሰን ወሰደችኝ። ከመጸለዬ በፊት ከሱቅ የገዛችውን የደረቀ ቅጠል እስር አውጥታ ለኮሰች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኋት።

"ቤቱን ክሊን ያደርጋል አሉኝ። ካዚኖ ሥራ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ያደርጉታል።"

ጥድ ነበር። ተነሥቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

"አለርጂ አለሽ እንዴ?"

"የለኝም" አልኋት።

እናቴ የሞተች ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ የውሃ ሥራ ቴክኒሺያን ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዓመት ሥልጠና አሜሪካ ወዳለው ሁቨር ግድብ ላከው። ሥራው በግድቡ ሆድ ውስጥ ባለው መተላለፊያ እየሄደ፣ በግንቡ ሾልኮ የሚንጠባጠበውን ውሃ መለካት ነበር።

"ግድቡ ያፈሳል እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ግድብ ሁሉ ያፈሳል" አለኝ። "የሚያሠጋው በድንገት ማፍሰሱን ያቆመ እንደሆነ ነው።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር።

እናቴ ከእኛ ጋር አልመጣችም። ታማ አክስቴ ቤት ተኝታ ነበር፤ ኩላሊቷ ነው ይላሉ። "ይዘሃት ሂድ፤ እኔን እያየች አትክሳብኝ" ብላ ከአባቴ ጋር ሰደደችኝ። ሲሻላት ልትከተለን ነው።

ቦልደር ሲቲ ለግድቡ ቅርብ ናት። አባቴ ግን ቤት ፍለጋ በሄደበት ሁሉ "አሁን ተይዟል" እያሉ መለሱት። ጥቁር ሰው ሲጠይቅ ቤቱ ሁልጊዜ ይያዝ ነበር። ስለዚህ ላስ ቬጋስ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ተከራየን። ከተማዋ እንደዛሬው አልሰፋችም። ከፊት ለፊት የሆቴሎቹ መብራት ከሩቅ ይታያል፤ ከጓሮአችን ወዲያ ግን በረሃ ነው፤ ምንም አይታይም።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት እትዬ አይዳ ይኖሩ ነበር። ካዮዋ ናቸው፤ ካዮዋ ከኦክላሆማ በኩል ያለው ሜዳ ሁሉ ነጭ ሳይደርስበት የነሱ የነበረ ሕዝብ ነው። አባቴ "እትዬ በያቸው" ስላለኝ እትዬ አልኋቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ "ታላቅ እኅት እንደማለት ነው" ስላቸው "ይሁን፣ እኅት አነሰኝ እንጂ አልበዛብኝም" አሉ።

የሆቴል ልብስ እጥበት ቤት በጠዋት ሺፍት ይሠራሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸውም ገብተው ይቆያሉ፤ አባቴ እስኪመጣ እሳቸው ቤት እጠብቃለሁ። ፀጉራቸው እንደ ወንድ አጭር ነው፤ ዙሪያውን በመቀስ ተቆርጦ፣ ወደ አንገታቸው ተዛብቷል። እኔ ፀጉር አስተካካዩ ያበላሸባቸው መስሎኝ አዝንላቸው ነበር።

ከመንገዱ ማዶ መስኮቶቹ በሳንቃ የተመቱ ቤት ነበረ። ቀድሞ እትዬ አይዳ ይኖሩበት የነበረው እሱ ነው ይባላል። አውቶቡሱ የሚቆመው ከዚያ ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እትዬ አይዳ ግን በዚያ በኩል አያልፉም። ወደ ግራ ይታጠፉና ሰፈሩን ዞረው በሌላው ጫፍ ይወጣሉ፤ ቢዘንብም፣ ሥራ ቢረፍድባቸውም። ውሻ ያለበት መሰለኝና እኔም በዚያ ማለፍ ተውሁ። ውሻ አልነበረበትም።

ከእትዬ አይዳ ጋር የሚኖሩትን አቶ አሞጽን ሳላያቸው በፊት ላባ ያደረገ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ክራባት አስረው መጽሐፍ ቅዱስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ፈረስዎ የት አለ?" አልኋቸው።

"ያንቺስ አንበሳ?" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን። ከአልጋቸው ሥር የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ ነበራቸው። ለያንዳንዱ የብርድ ወቅት አንድ ጥቁር መስመር ያሰምሩና ከበላዩ አንድ ሥዕል ያደርጋሉ፤ አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ ነበር ዓመታቱን የሚይዙት። ፈንጣጣ የገባበት ብርድ አለ፤ ፈረሶች ያለቁበት ብርድ አለ። ወደ መጨረሻው ካሉት መስመሮች ባንዱ ላይ ግን ምንም የለም።

"እዚህ ላይ ረስተዋል" አልኋቸው።

"አልረሳሁም" አሉና ጠቀለሉት።

በዚያ ቤት "ያቺ ልጅ" የምትባል ነበረች። "ያቺ ልጅ ይህን ወጥ ትወድ ነበር" ይላሉ እትዬ አይዳ፤ "ያቺ ልጅም እንዳንቺ ጫማዋን ትጥል ነበር" ይላሉ። ሩቅ አገር የምትማር ልጅ መሰለችኝ። ስትመለስ እኔ የምቀመጥበትን ወንበር ትወስድብኛለች ብዬ ሳላውቃት ጠላኋት።

አባቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። ማታ ከእራት በፊት ይጸልያል፤ ጸሎቱም ተራ ነበረው። መጀመሪያ አገራችንን፣ ቀጥሎ ወንድሞቹን፣ ቀጥሎ "አስካለችን ማራት" ይላል፤ አስካለች እናቴ ናት። መጨረሻ "ጥሩነሽን ጠብቃት" ይልና አሜን ነው። የእናቴ ስም ሲጠራ እጄን ወደ ማንኪያው አስጠጋለሁ፤ የኔ ሲጠራ ማንኪያውን እይዛለሁ።

ከገና በኋላ አንድ ማታ ከወንድሞቹ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። እጄ አልተዘጋጀም ነበር። ስሜ ተራው ሳይደርስ ደረሰ።

የተሳሳተ መሰለኝ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሣልስቱም። "እማዬ እንዴት ናት?" ስለው "ደህና ናት" ይለኛል፤ ሰሃኑን እያየ። እኔም በልጅ አእምሮዬ አውጥቼ አውርጄ መልሱን አገኘሁት። "ማራት" የሚባለው ለታመመ ሰው ነው። "ማራት" ካላለ ድናለች።

ደስታዬን የነገርኋቸው ለእትዬ አይዳ ነው። ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር።

"እትዬ፣ እናቴ ዳነች።"

"እሰይ! አባትሽ ነገረሽ?"

"አልነገረኝም። ስለ እሷ መጸለይ ተወ።"

ካውያው ቆመ። ሸሚዙ ላይ ትንሽ ቆየና የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉኝ።

"ከገና በኋላ።"

ካውያውን አነሡ። ቡናማ ምልክት ትቷል። ዳቦ ማር ቀብተው ሰጡኝና እስክጨርስ ድረስ ቆመው አዩኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል እናቴ እንደዳነች አምኜ ኖርሁ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ከእትዬ አይዳ ምድጃ ኋላ የወደቀ ማንኪያ ስፈልግ የልጅ ጓንት አገኘሁ። ቀይ ነው፤ አንድ እጅ ብቻ። አቧራውን አራግፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። እትዬ አይዳ አዩት፤ አልነኩትም።

"የዚያች ልጅ ነው?" አልሁ። "ስሟ ማን ነው?"

እትዬ አይዳ ወደ ግድግዳው ዞሩ። አቶ አሞጽ በዱላቸው ተነሥተው በሌላው እጃቸው እጄን ያዙና ወደ ጓሮ አወጡኝ።

"ስሟን አንጠራም" አሉኝ።

"ለምን? ስም የላትም?"

"አላት። የአይዳ ልጅ ነበረች፤ ሞታለች። በእኛ ዘንድ የሄደ ሰው ስሙ አይጠራም። ስትጠሪው ዞሮ ያያል፤ ዞሮ ዞሮ የሚያይ መንገደኛ ደግሞ አይደርስም። ፀጉራችንን እንቆርጣለን፤ ዕቃውን ለሰው እንሰጣለን፤ የሞተበትን ቤት እንለቃለን። ስሙን ዝም እንላለን።"

"ለሁልጊዜ?"

"ቤተሰቡ መጥራት እስኪችል። አንዳንዱ ይችላል፤ አንዳንዱ አይችልም።"

"ክርስቲያን አይደላችሁም?"

"ነን እንጂ። አያቴም ክርስቲያን ነበረች። ክርስቲያን አፍ አለው፤ ዝም ማለትም ያውቃል።"

በዚህ መሐል ከአጥሩ ወዲያ ፊቱን ወደ እኛ ያደረገ ነገር አየሁ። ጉጉት ነው። የጉልበቴን ያህል እንኳ አይረዝምም፤ በቀጫጭን እግሮቹ መሬት ላይ ቆሟል፤ በጠራራ ፀሐይ። ከኋላው ጉድጓድ አለ።

"አትዪው" አሉ አቶ አሞጽ። እሳቸውም ጀርባቸውን ሰጡት።

"በእኛም አገር ጉጉት ክፉ ነው ይላሉ። ግን በጨለማ ነው የሚመጣው፤ ዛፍ ላይ ነው።"

"ይኸኛው ዛፍ አልፈለገም" አሉ። "ቤቱ ከመሬት በታች ነው።"

ወደ ቤት ስንገባ ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

በዚያ ማታ አባቴ ሲጸልይ ዐይኔን አልጨፈንሁም። አገራችንን አለ። ወንድሞቹን አለ። ከዚያ አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ተዘጋ። "ጥሩነሽን ጠብቃት" አለ።

አባቴ ለእኔ "ደህና ናት" ማለት ችሎ ነበር። በእኛ እምነት ግን ለሞተ ሰው "ማረው" ተብሎ አይጸለይም፤ እሱም እግዚአብሔርን አይዋሽም። ይህን እንዲህ አድርጌ ማሰብ የቻልሁት ቆይቶ ነው። ያን ማታ የታየኝ አፉ ብቻ ነው፤ እንደ እትዬ አይዳ ቤት ሰዎች ስም ዝም ሲል።

ሾርባውን ጠጣሁ። አልጠየቅሁትም። ካልጠየቅሁት ገና አልሞተች ይሆናል ብዬ ነው።

በማግሥቱ ግን መቆየት አልቻልሁም። ጉጉቱ ቤቱ ከመሬት በታች ከሆነ ከሞቱት ጋር ጎረቤት ነው። እናቴን ጉድጓዱ አፍ ላይ እጠራታለሁ፤ መልስ ካለ ሞታለች፤ መልስ ከሌለ በሕይወት አለች። እትዬ አይዳ ልብስ እያሰጡ ሳለ በአጥሩ ሥር ሾልኬ ወጣሁ።

ነፋስ ነበር። ጉጉቱ ስቀርብ ራሱን ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ አደረገና ወደ ውስጥ ገባ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የጥንዚዛ ክንፍና የደረቀ ፋንድያ ተበትኗል፤ ደጅ የተነጠፈለት ይመስላል። ተንበርክኬ ፊቴን አስጠጋሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ጎተራ ውስጥ ይሸታል።

"እማዬ" አልሁ።

ዝም አለ። እፎይ አልሁ። ልነሣ ስል ግን እማዬ ስሟ እንዳልሆነ አስታወስሁ። እናቴን በስሟ ጠርቻት አላውቅም።

"አስካለች" አልሁ፤ አባቴ እንደሚለው አድርጌ።

ከውስጥ መለሰልኝ። ረጅም፣ ደረቅ፣ በቅል ውስጥ ፍሬ እንደሚንቀጫቀጭ ያለ ድምፅ ነው። ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ አሁን ቀረብ ብሎ።

እነዚያ ጉጉቶች ጉድጓዳቸው ሲደፈር የእባብ ድምፅ እንደሚያሰሙ ኋላ ሰው ነግሮኛል። ማወቄ ብዙም አልጠቀመኝም።

እትዬ አይዳ ሲያገኙኝ እንደተንበረከክሁ ነበርሁ። ወደ ጉድጓዱ አላዩም፤ ብብቴን ይዘው አነሡኝ፤ ከጉልበቴ ላይ አፈሩን አራገፉ።

"ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?"

"ጠራኋት።"

"ማንን?"

ልነግራቸው ፈለግሁ። ስሟ ግን አሁን ከአፌ አልወጣ አለ።

"ያቺን ሴት" አልኋቸው።

እጃቸው ጉልበቴ ላይ ቆመ። ከዚያ ቤት እስክንደርስ ድረስ አቅፈው ወሰዱኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፣ ከባድ ነበርሁ።

አባቴ ሲመጣ እኔን ከአቶ አሞጽ ጋር ወጥ ቤት አስቀመጡና በሩን ገርበብ አደረጉት። አቶ አሞጽ እንዳልሰማ ሊያጫውቱኝ ሞከሩ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን ያዳምጡ ነበር።

"ልጅቷ ዐውቃለች" አሉ እትዬ አይዳ።

"ማን ነገራት?" የአባቴ ድምፅ ነው።

"እርስዎ። በየማታው።"



"በእኛ ዘንድ እንዲህ አይነገርም" አለ አባቴ። "መርዶ ነው የሚባለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መጥቶ፣ ማለዳ ላይ ነው። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ማን አለኝ? አገራችን እስክንገባ ብዬ ነው። እኔ ብቻዬን... ለልጅ እንዴት ብዬ?"

"እኔ ምን ልሆን ነው? ግድግዳ?"

"እርስዎ ብዙ ደክመውልናል።"

"ስንት ሰው ነው የሚቆመው?"

"ቁጥር የለውም።"

"እንግዲያው ነገ ማለዳ እንቆማለን" አሉ እትዬ አይዳ። "መቆም እኛም እናውቃለን።"

አቶ አሞጽ ከወጥ ቤት ሆነው "እኔ የምቀመጥበት ነገር አዘጋጁልኝ!" ብለው ጮኹ። በማለዳው ግን ወንበር ሲሰጣቸው እምቢ አሉ።

እንዲህ ነው የቆሙት። አባቴ "ጥሩነሽ፣ እናትሽ ዐርፋለች" አለኝ። "ዐውቃለሁ" አልሁት። ልይዛት ብሎ የተዘጋጀው እሱ ነበር፤ እግሩ የከዳው ግን እሱን ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አገራችን ቢሆን ጩኸቱ ሰፈር ያናውጥ ነበር፤ እዚያ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው። የእትዬ አይዳ እጆች ትከሻዬ ላይ ዐረፉ።

አቶ አሞጽ በቋንቋቸው መዝሙር ጀመሩ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ከበሮ የለውም፣ አይፈጥንም፣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው እየወጣ የሚወርድ። እትዬ አይዳ ከኋላዬ ተቀበሏቸው። አንዱንም ቃል አላወቅሁትም፤ ማልቀስ ግን የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲጨርሱ እትዬ አይዳ መጥበሻ ላይ ፍም አምጥተው የጥድ ቅጠል ጣሉበት። አባቴ ቀና አለ። ጢሳጢስ አይወድም ነበር፤ በአገራችን የጠንቋይ ቤት ነገር ነው ብሎ።

"እትዬ አይዳ፣ ይሄ ነገር ከእምነታችን..."

"ጸሎት ነው" አሉ። "አቅጣጫውን እንድናየው ነው ጢስ የሆነው።"

አባቴ ጢሱን ተከትሎ እስከ ኮርኒሱ አየ። ጢሱን በላባ ማራገቢያ ወደ ራሴ፣ ወደ ትከሻዬ፣ ወደ እግሬ አደረሱልኝ፤ ለአባቴም እንዲሁ፤ በየጥጉም ዞሩ። ጠዋቱ ነግቶ ጢሱ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ ነበር።

"አሁን እርስዎ ይጸልዩ" አሉት።

አባቴ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ጀመረ። አገራችንን አለ። ወንድሞቹን አለ። አፉ ተከፈተ። ጠበቅሁ፤ እጄን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

"ስለ አስካለች አመሰግንሃለሁ" አለ። "ጥሩነሽን ጠብቃት።"

ስሜ በተራው መጣ። አሜን ሊል ሲል እትዬ አይዳ በር ላይ ደርሰው ነበር፤ ሺፍታቸው ረፍዷል፤ መጥበሻውን እንደያዙ ናቸው። አልዞሩም።

"ሩት" አሉ።

አቶ አሞጽ ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደቀ። አላነሡትም።

"እንዴት ብዬ ልበል?" አለ አባቴ።

"እንዳሉት።"

"ስለ ሩት አመሰግንሃለሁ" አለ አባቴ። "አሜን።"

እትዬ አይዳ መጥበሻውን በበሩ ደፍ ላይ አኖሩ። ኮታቸውን ቆለፉ። ወደ መስኮቱ ሮጬ አየኋቸው። ወደ ግራ አልታጠፉም፤ መንገዱን ተሻገሩ፤ ሳንቃ በተመታው ቤት ፊት በዝግታ ዐለፉና ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።